የተዘጋው ሰማያዊ ቀዳዳ

ኮምፒውተሬ ከጀርባው ሦስት ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉት። አረንጓዴው ድምፅ ማውጫ ነው፣ ሮዙ የማይክሮፎን፣ ሰማያዊው ደግሞ ከሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ከቴፕ፣ ድምፅ መቀበያ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ አርጅቶ እስኪጥለው ድረስ ሰማያዊውን አንዴም ሳይነካው ይኖራል። እኔ ግን ኮምፒውተሩን የገዛሁት ለእሱ ብዬ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ በተከራየኋት ጠባብ ቤት ጽሕፈት እሠራለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የድሮ ካሴትም ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። የሚመጣልኝ ካሴት የሠርግ ነው፣ የዘፈን ነው፣ አንዳንዴም ወታደር ቤት የነበረ ልጅ ለእናቱ ቀርጾ የላከው ድምፅ ነው። እንዲህ ያለውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቴፑ ሲዞር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ልገዛ የሄድኩ ጊዜ ሻጩ የሚያሳየኝን ሁሉ እያዞርኩ ጀርባ ጀርባውን አየሁ። ሰው ፊቱን ነው የሚያየው ብሎ ሳቀብኝ። አዳዲሶቹ ቀጫጭኖች ሰማያዊ ቀዳዳ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ አገኘሁ። አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ጉንደ ወይን ላይ ፎቶ ቤት አላት። እሷ ለቀዳዳው ግድም አልነበራት፤ ሁለት ከገዛን ይቀንስልናል ብላ ያንኑ ዓይነት ወሰደች።

በዚያን ጊዜ እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ሆኖት ነበር። ሰው ስልኩን የሚይዘው ሰዓት ለማየትና ለመደወል ብቻ ነው። እኔም እንደማንም ተማርሬ ነበር፤ ሥራዬን ግን አልጎዳብኝም። ኮምፒውተሩ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ያዘዝኩትን ይሠራል።

በዚህ መሀል ነው መሪጌታ ከዲማ የመጡት። እሳቸው የአባቴ ተማሪ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ ዲማ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው ያረፉ መምህር ናቸው። መሪጌታ ዛሬ በተራቸው ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ካሴቶች ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ገምቺ አሉኝ። መገመት አላስፈለገኝም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አባቴ ቴፕ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። የተቀረጸ ነገር አለኝ የሚል ተማሪ በልቡ አይዝም ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ተዋጥተው ቴፕ ገዝተው፣ በደበሎ ሸፍነው፣ እሳቸው ሳያውቁ ሲቀርጿቸው ኖረዋል። ይህን እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

የመጀመሪያውን ካሴት ቴፑ ውስጥ አስገብቼ፣ ሽቦውን ከቴፑ ወደ ሰማያዊው ቀዳዳ ሰካሁ። መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ በደበሎው ስለታፈነ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ ግን እሳቸው ናቸው። አንዱን ተማሪ፣ የቆጠርከው ቅኔ ሰሙ ብቻውን ቆሟል፣ ወርቁን የት ጣልከው እያሉ ይቆጡታል። መሪጌታ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ያ የተቆጡት እኔን ነው አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

«አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ቀጠለ። መሪጌታ ለገበያም ለጉዳይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ጎራ ይላሉ፣ ማዳመጫውን ከጥምጥማቸው በላይ አድርገው ይቀመጣሉ፣ እኔ እገለብጣለሁ። ከካሴቶቹ ውስጥ ግን ሁለታችንም እየፈራን ያቆየነው አንድ ነበር። አባቴ በንግሥ ዕለት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት የዘረፉት መወድስ አለበት። መወድስ ስምንት ቤት ያለው ረጅም ቅኔ ነው። ቅኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተብሎ ያልፋል፤ ባለቤቱ እንኳ አይደግመውም። መሪጌታ ያን ቀን የመጀመሪያዎቹን አራት ቤቶች በልባቸው ይዘው ነበር፤ ቀሪውን እልልታው ዋጠባቸው። አባቴን እንዳይጠይቁ ፈሩ፤ በኋላም አባቴ አረፉ። የቀረው በዚያ ካሴት ውስጥ ብቻ ነው። ካሴቱ ግን አርጅቷል፣ ክሩ ሳስቷል፣ ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ተገንጥላለች። ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ነበረብኝ። ብዙ ጊዜ ሊጫወት እንደማይችልም ለመሪጌታ ነግሬያቸዋለሁ። አንዴ ከተጫወተ ይበቃናል ተባብለን ነው ያስቀመጥነው።

ከዚያ ኢንተርኔት ተመለሰ። በመንገዱ ሁሉ ስልክ ሲንጫጫ ዋለ። ሰው እየተሳሳቀ፣ የወራት መልእክቱን እያነበበ፣ መንገድ መሀል ይቆማል። እኔም ከደስተኞቹ አንዷ ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩን አገናኘሁትና የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ዋልኩ። ማታ ስዘጋም ከኢንተርኔቱ አላላቀቅኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ጠቁሮ መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ቀስ እያለች ትረዝማለች። ከሥሯ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ ይላል። የጠየቀኝ የለም፣ የፈቀድኩትም የለም። እዚህ መብራት ሳይነግር ነው የሚሄደው፤ በዚህ መሀል ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ሊሞት እንደሚችል አውቃለሁና በሩ ላይ ቆሜ የመንገዱን መብራት ምሰሶ እያየሁ ጸለይኩ። መብራቱ አልሄደም። ነጯ መስመር ሞላች፣ ኮምፒውተሩ በሰላም ተነሣ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ። ያ ቀን ደግሞ የመወድሱን ካሴት ወደ አዲስ ቀፎ ያዛወርኩበት ቀን ነበር።

ቀስ ብዬ አስገባሁት። ሽቦውን ሰክቼ ማጫወቻውን ተጫንኩ። ሽቦ ሲሰካ የቴፑ የራሱ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚሰማው በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ዝም አለ። የካሴት መጀመሪያ ባዶ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ዝምታው ቀጠለ። ድምፅ ሲገባ የምትዘለው አረንጓዴ መስመር ተጋድማ ቀረች። ሽቦውን ነካካሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ፣ ሌላ ሽቦ ፈልጌ ቀየርኩ። ክሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ እየዞረ ነው። አባቴ ያን ጊዜ እየተናገሩ ነበር፤ ማንም ወደማይሰማበት። አጠንጥኜ እንደገና ስጀምር የቴፑ ሞተር ድምፁን ቀየረ። ሳጠፋው ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። በጣቴ እየፈታሁ አወጣሁት። መሀሉ ላይ ተጨማድዶ አንድ ቦታ ተበጥሷል።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጆቼን አየሁ። ደንበኛ ገብቶ ፎቶ ኮፒ ሲለኝ ነገ ና አልኩት።

የማይረባ የዘፈን ካሴት ሞከርኩ፤ እሱም ዝም። ኮምፒውተሩ የድምፅ መሣሪያዎቹን የሚዘረዝርበትን ቦታ ከፈትኩ። አረንጓዴው አለ፣ ሮዙ አለ፣ ሰማያዊው የለም። ተበላሽቷል ቢል ይገባኝ ነበር። እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከነጭራሹ ኖሮኝ አያውቅም ነው የሚለኝ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ ጫንኩ፤ ዊንዶውሱን አውርጄ ሌላ ጫንኩ፤ መልሱ አንድ ነው።

እዚሁ ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግን የሙያ ጓደኛዬ መጥቶ ከፈተልኝ። ቀዳዳው ደኅና ነው፣ ሽቦዎቹም ደኅና ናቸው አለ። ኮምፒውተር ገና ሲበራ፣ ማንም ፕሮግራም ሳይከፈት፣ የገዛ አካሉን የሚያውቅበት ውስጠኛ ፕሮግራም አለው፤ ፈርምዌር ይሉታል። ያ የጠዋቱ ነጭ መስመር እሱን ሲቀይር ነበር። አዲሱ ደግሞ ሰማያዊውን ቀዳዳ እንዳያውቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ታዲያ አሮጌውን እንመልሰዋ አልኩት። ሞከርን። የኮምፒውተሩ ምላሽ አጭር ነበር፤ ለደኅንነትዎ ሲባል ወደ ቀድሞው መመለስ አይፈቀድም ይላል። ከምን እንደሚጠብቀኝ አልነገረኝም። ጓደኛዬም ይህን በጉልበት ለመመለስ ቢሞክር ኮምፒውተሩን ሊገድለው እንደሚችል ነግሮኝ፣ አዝኖ ሄደ።

አዲስ አበባ ሻጩ ጋ ደወልኩ። ሌሎችም ደውለውልኛል አለ፤ ግን ሰማያዊውን የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው፣ አንቺም ተይው። ምን ማለት ነው ተይው? ከጀርባ ከጀርባው እያየሁ መርጬ ስገዛው አይተኸኝ የለም ወይ አልኩት። አዎ፣ አስታውሳለሁ አለኝ፤ እኔ የሸጥኩልሽ ጊዜ ይሠራ ነበር።

ለሠራው ኩባንያ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። በኢንተርኔት የሚመልሱት በጣም ትሑት ናቸው፤ በየመልሱ መጀመሪያ ስላጋጠመኝ ችግር ያዝናሉ። ከዚያ ይህ አገልግሎት በዚህ ሞዴል ላይ የለም ይላሉ። ነበር አልኳቸው። የለም አሉኝ። የቀዳዳውን ፎቶ አንስቼ ላኩላቸው፤ ሰማያዊ ቀለሙ፣ ከጎኑ የተቀረጸችው ምልክት ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ስለ ፎቶው አመስግነው፣ በፎቶው ላይ የሚታየው ቦታ ለተጠቃሚ አገልግሎት የታሰበ አይደለም አሉ። ሲሸጥ መግለጫው ላይ ተጽፎ ነበር ብዬ ከሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ላኩ። መግለጫው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል አሉ። ምክንያቱን ጠየቅኩ፤ የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት ነው። በመጨረሻ ለአባቴ ድምፅ እንደሆነ፣ ክሩ እንደተበጠሰ፣ አሮጌውን ፈርምዌር አንድ ቀን ብቻ ቢፈቅዱልኝ እንደሚበቃኝ ጻፍኩ። ይህን ስጽፍ ለሰው የምጽፍ መስሎኝ ነበር። የመጣልኝ መልስ ጥያቄዎ ተፈትቷል የሚል ነው፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል ብሎ አምስት ኮከብ ደርድሮልኛል።

ሌባ ገብቶ ቢወስድብኝ ጮኼ ጎረቤት እጠራ ነበር፤ መብረቅ ቢመታው የእግዚአብሔር ሥራ ነው እል ነበር። ይህን ግን ለማን ይሉታል? ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ቀዳዳውም አለ፣ ጣቴን ሳስጠጋ ይነካኛል።

ሮዙ ለማይክሮፎን የተሠራ ነውና የቴፑን ድምፅ ይሰነጣጥቀዋል፤ ስለዚህ ከባሕር ዳር ትንሽ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን የምትሰካ የድምፅ መቀበያ አስመጣሁ። ሞከርኩባት፤ ድምፁን እንደ ዝናብ በሚያፏጭ ጩኸት ሞልታ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ አወጣችው። ያለዚያም በደበሎ የታፈነው የአባቴ ድምፅ በእሷ ሲያልፍ ቃሉ ከቃሉ አይለይም። ቅኔ ላይ ደግሞ አንዲት ፊደል ከላላች ወይም ከጠበቀች ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው።

መሪጌታ በመጡ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክሩ መበጠሱንም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኼ ነው ቀዳዳው?»

«አዎ መሪጌታ።»

«አልተደፈነም።»

«አልተደፈነም። የሠሩት ሰዎች ከሩቅ ሆነው እንዳይሠራ አደረጉት።»

«ገዝተሽው የለም እንዴ?»

«ገዝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያንቺን ዕቃ እነሱ ምን አግብቷቸው ይዘጉታል?»

አዘመንነው ነው የሚሉት አልኳቸው። ቃሉን ደገሙት፤ አዘመንነው።

«ማዘመንስ ዘመን መጨመር ነበር» አሉ። «ይኼ ከዘመኑ ቀንሶ መውሰድ ነው።»

አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅኩም። ካሴቱን እንደ ተበጠሰ በጨርቃቸው ጠቅልለው፣ እኔን አንዲት ሳይወቅሱ እግዜር ይስጥሽ ብለው ወጡ። በዚያ አወጣጣቸው የተናደድኩትን ያህል በኩባንያው ደብዳቤ ሁሉ አልተናደድኩም።

የጉንደ ወይኗ ጓደኛዬ ትዝ ያለችኝ በማግሥቱ ነው፤ ለምን ቀደም ብዬ እንዳላሰብኳት ዛሬም ይገርመኛል። አንድ ቀን ገዝተናል፣ አንድ ዓይነት ነው። ስደውልላት ፎቶ እያተመች ነበር። ኮምፒውተርሽ ኢንተርኔት አግኝቷል ወይ አልኳት። የለም፣ ነገ መስመር ሊያስገቡልኝ ይመጣሉ አለች። እንዳታስገቢ አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀች። ስመጣ እነግርሻለሁ፣ ብቻ ምንም ሽቦ፣ ምንም ስልክ አታስጠጊበት። ሰው ሞተ እንዴ አለችኝ።

ካሴቶቹን ይዘው ጉንደ ወይን እንዲመጡ ለመሪጌታ መልእክት ልኬ፣ ቴፑን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የምታቅፊው አሉኝ፤ ቴፕ ነው ስላቸው ያላመኑኝ መሰለኝ። ፎቶ ቤቱ ስደርስ መሪጌታ ቀድመውኝ፣ በፎቶ መነሻው መጋረጃ ሥር፣ ፏፏቴ በተሳለበት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለእኔስ ከዲማ ይህ ይቀርበኛል አሉ። ጓደኛዬ የቀጠራቸውን ሰዎች መልሳ ልካ፣ ኮምፒውተሯን ከግድግዳው አርቃ አቁማዋለች።

የማይረባውን ካሴት አስቀድሜ ሞከርኩ። አረንጓዴዋ መስመር ዘለለች። ያቺን መስመር ሳይ እንባዬ መጣ፤ ግን የደስታ አልነበረም፤ ይህን ያህል መንገድ ለዚህ ነው ወይ ብዬ ነው። የተበጠሰውን ክር በቀጭን ማጣበቂያ ቀጠልኩት። የተጨማደደውን በጣቴ አስተካከልኩ። ከዚያ አጫወትኩ።

እልልታ መጣ፣ ከበሮ መጣ፣ ጸጥ አለ። አባቴ ጀመሩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቋቸውን አራት ቤቶች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው አሉ። አምስተኛው ላይ ከንፈራቸው ቆመ፤ አዲስ ነው፤ ፊታቸው በራ። ስድስተኛው መሀል ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰበረ፣ ክሩ የተጨማደደበት ቦታ ነው። የማይገባ ጉርምርምታ ሆኖ አለፈ። ድምፁ ተስተካክሎ ሲመለስ አባቴ ስምንተኛው ቤት ላይ ነበሩ። ሕዝቡ ጮኸ። አለቀ።

እንደገና ለማጫወት አልደፈርንም። የተገለበጠውን ከኮምፒውተሩ ደጋግመን ሰማን። ከስድስተኛው ግማሽ፣ ከሰባተኛው ደግሞ ሁሉም የለም። መሪጌታ ረጅም ጊዜ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ አሰቡ። ቤቱ በምን እንደሚመታ ያውቃሉ፣ አባቴ ወዴት እየሄዱ እንደነበር ከስምንተኛው ይገባቸዋል። እኔም ይህን አይቼ፣ እርስዎ ሊሞሉት ይችላሉ አልኳቸው።

«እችላለሁ» አሉ። «ግን የኔ ይሆናል እንጂ የየኔታ አይሆንም።»

ጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻቸው። ያልተገለበጡትንም ካሴቶች እዚያው ጨረስናቸው። መሪጌታ አሁን ያን መወድስ ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ አሉ፤ የጎደለው ያህል ዝም ብለው ወደ ስምንተኛው ያልፋሉ። ተማሪ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው ምን እንደሚመልሱ አላውቅም።

በቅርቡ ኮምፒውተሬ ሌላ አዲስ ፈርምዌር መጥቶልዎታል አለኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የድምፅ አገልግሎት ተሻሽሏል የሚል ነበረበት። ሞኝነት ነው፣ ግን ልቤ ተነሣ፤ ስህተታቸውን አርመው ይሆናል ብዬ ፈቀድኩለት። ነጯ መስመር ሞላች፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ቸኩዬ ዝርዝሩን ከፈትኩ። አረንጓዴና ሮዝ። የተሻሻለው ኮምፒውተሩ ሲበራ የምትሰማው ደወል ናት፤ ትንሽ ለስልሳለች።

ያንኑ ዕለት አንዲት ሴትዮ ከሮብ ገበያ የሟች ባለቤታቸውን ድምፅ የያዘ ካሴት ይዘው መጡ። እዚህ አይሠራም እናቴ፣ ጉንደ ወይን ይሂዱ አልኳቸው፤ ጓደኛዬ እስካሁን መስመር አላስገባችም። እንዴት አይሠራም፣ ጎረቤቴ እዚሁ አንቺ ዘንድ አስገልብጣ የለም ወይ አሉኝ። ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ስደርስ ራሴም ሰለቸኝና የጓደኛዬን ስልክ ጽፌ ሰጠኋቸው።